ከቦሌ እስከ ማሳይ ማራ፦ አስጎብኚው ያልነገረን የጓዝ ነገር

ባለፈው ነሐሴ መጀመሪያ፣ አዲስ አበባ ላይ ዝናቡ አላባራ ባለበትና ብዙ ሰው ፍልሰታን በያዘበት ሳምንት፣ ከታላቅ እህቴ ጋር ኬንያ ወደሚገኘው የማሳይ ማራ ጥብቅ ስፍራ ለአምስት ቀናት ተጉዘን ነበር። ጉዞውን የገዛነው ከአንድ የአዲስ አበባ አስጎብኚ ድርጅት ሲሆን፣ ክፍያው የአውሮፕላን ትኬትን፣ ናይሮቢ ላይ የአንድ ሌሊት ማረፊያን፣ ማራ ውስጥ የድንኳን ካምፕን፣ እንዲሁም መኪናንና የጉብኝት መሪን ያጠቃልላል። ስለ አንበሶቹ ብዙ አልጽፍም፤ የድርጅቱ ንብረት ስላልሆኑ በእነሱ ስም ነጥብ መስጠትም ሆነ መንፈግ አይቻልም። የምመዝነው ድርጅቱ በእርግጥ የራሱ የሆነውን ሥራ፣ ማለትም ከመነሻችን በፊት በነበሩት ስድስት ሳምንታት ምን እንድናዘጋጅ፣ ምን እንድንይዝና ምን እንድንተው የሰጠንን ምክር ነው። አስጎብኚ ሥራውን ማወቁና አለማወቁ የሚለየው እዚያ ላይ ይመስለኛል፤ ሜዳው ላይ ከተደረሰ በኋላማ መኪናውን የሚነዳውም፣ ምግቡን የሚያበስለውም፣ አቦሸማኔውን ፈልጎ የሚያገኘውም ሌላ ሰው ነው።

ክፍያውን እንደፈጸምን በቴሌግራም የደረሰን የዝግጅት ዝርዝር በድርጅቱ ዓርማ የተዋበ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ነው። ሻንጣ በሰው እስከ 23 ኪሎ መያዝ እንደሚቻል፣ ልብስ አቧራ እንዳይነካው በፌስታል እየተለየ ቢጠቀለል መልካም እንደሆነ፣ ጃንጥላና ወፍራም የዝናብ ካፖርት መረሳት እንደሌለበት፣ ሱሪና ጃኬት «የወታደር ቀለም» ያላቸው ቢሆኑ እንደሚመረጥ፣ የዋና ልብስም ቢያዝ እንደማይከፋ ይናገራል። ከእነዚህ አምስት ምክሮች ለሄድንበት ቦታና ወቅት የሚስማማ አንድም አልተገኘም። ካምፓችን መዋኛ ስላልነበረው፣ በአጠገቡ የሚያልፈው የማራ ወንዝም የጉማሬና የአዞ መኖሪያ ስለሆነ፣ የዋና ልብሳችን እንደታጠፈ ሄዶ እንደታጠፈ ተመልሷል። እኛ ክረምት ውስጥ ስንሆን ማራ ከሰዓት በኋላ አልፎ አልፎ ከሚጥል ዝናብ በስተቀር በአብዛኛው ደረቅ ነው፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ዋይልድቢስት የተባለው ቀንዳም ሣር በል እንስሳ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆነው መንጋና አብሮት የሚጓዘው የሜዳ አህያ ከታንዛኒያው ሴሬንጌቲ ወደዚያ የሚወጣውም ሣርና ውኃ ፍለጋ ነው። ለዚህ ወቅት በኪስ የሚገባ ቀላል የዝናብ ጃኬት ይበቃል። ዝርዝሩን ያዘጋጀው ሰው በቢሮው መስኮት የሚታየውን የአዲስ አበባን ሰማይ እያየ ሳይጽፈው አልቀረም።

የወታደር ቀለሙና የፌስታሉ ምክር ግን ስህተት ብቻ ተብለው የሚታለፉ አይደሉም፤ መንገደኛውን ለጣጣ ይዳርጋሉ። ኡጋንዳንና ዚምባብዌን በመሳሰሉ አገሮች ሲቪል ሰው ዥንጉርጉር የወታደር ልብስ መልበስ በሕግ የተከለከለ ሲሆን፣ ኬንያም ውስጥ ቢሆን ከፖሊስ ጋር ያለ ምክንያት ማብራሪያ ውስጥ የሚያስገባ ልብስ ነው። ፌስታልን በተመለከተ ኬንያ ከነሐሴ 2009 ዓ.ም. ጀምሮ የፕላስቲክ መያዣ ከረጢት ማምረትን፣ ማስገባትንና መጠቀምን በከባድ የገንዘብ ቅጣትና በእስራት ጭምር ከልክላለች፤ ከግንቦት 2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በፓርኮችና በጥብቅ ስፍራዎች ውስጥ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት ፕላስቲክ፣ እኛ ሃይላንድ የምንለውን የውኃ ጠርሙስ ጨምሮ፣ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው ልብሱን በጨርቅ ከረጢት ለይቶ፣ የብረት የውኃ መያዣ ይዞ ቢወጣ ይሻለዋል። እህቴ የካልሲዋን ፌስታል እንኳ ሳትቀር ሁሉንም ቦሌ ላይ አራግፋ ጣለች። ለዚህም ያበቃን የድርጅቱ ምክር ሳይሆን ከኋላችን ተሰልፋ የነበረች አንዲት የናይሮቢ ነጋዴ ናት።

ከሁሉ የከፋው የ23 ኪሎው ጉዳይ ነበር። ይህ ቁጥር ከቦሌ ናይሮቢ ለሚበረው ትልቅ አውሮፕላን ችግር የለውም። ከናይሮቢ ወደ ማራ ግን የተያዘልን ጉዞ በናሮክ በኩል አምስት ስድስት ሰዓት የሚፈጀው የመኪና መንገድ ሳይሆን፣ ከዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቶ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ የሚያደርሰው የአነስተኛ አውሮፕላን በረራ ነበር፤ በዚህ በረራ ደግሞ የእጅ ቦርሳን ጨምሮ ለአንድ ሰው የሚፈቀደው 15 ኪሎ ብቻ ነው፤ ቦርሳውም ለስላሳ መሆን አለበት። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሴስና ካራቫን የሚባለው ይህ አውሮፕላን ዕቃ የሚይዘው በአብዛኛው ከሆዱ ሥር ባለ ዝቅተኛ ቋት ውስጥ ስለሆነ፣ ተጫን ሲባል የሚጫን፣ እጠፍ ሲባል የሚታጠፍ ጓዝ እንጂ ደረቅ ሻንጣ ቦታ አያገኝም።

ዊልሰን ላይ ሚዛኑን የሚጠብቁት አዛውንት የእህቴን ሻንጣ ሲያነሱት 21 ኪሎ ሆነ። ጎኑን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት፤ አልሰረጎደም፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ማማ፣ እርስዎ ይሄዳሉ፤ ይህ ግን እዚህ ይጠብቅዎታል» አሏት በትሕትና። እህቴ አንድም ቃል ሳትመልስ ጋቢዋን አውጥታ ወለሉ ላይ ዘረጋችው፤ ከሻንጣው ውስጥ የሚያስፈልጋትን ለይታ መሐሉ ላይ ከመረች፤ አራቱን ጫፍ ሰብስባ ልክ እናታችን ለገበያ እንደምትቋጥረው አድርጋ ቋጠረችውና ሚዛኑ ላይ መልሳ አስቀመጠችው። ዘጠኝ ኪሎ ሆነ። አዛውንቱ ቋጠሮውንም በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ፈተሹትና ፈገግ ብለው መለያውን አሰሩበት። ሻንጣው ከጃንጥላው፣ ከካፖርቱና ከሦስት ጥንድ ጫማ ጋር ናይሮቢ ቀረ፤ ለማቆያው የከፈልነውንም ድርጅቱ እስካሁን አልመለሰልንም። የእኔ ቦርሳ ያለፈው አስቀድሜ አውቄ አልነበረም፤ ከድሮም ከመርካቶ የገዛሁት ጎማና ብረት የሌለው የጨርቅ ቦርሳ ስለምወድ ነው፤ እሱም 14 ኪሎ ተኩል ስለነበረ ለጥቂት ተረፈ። የዚህን ቦርሳ ዋጋ ጽሑፉ ለአንባቢ እስኪደርስ ድረስ ስለሚቀየር ትቼዋለሁ፤ ሲገዙ ግን ዚፑን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍቶ መዝጋት ይገባል፤ በጉዞው የተበላሸብኝ ብቸኛ ነገር የጎን ዚፑ ነው።

ዘጠኝ ኪሎ ለአምስት ቀን ይበቃል ወይ ለሚል ሰው መልሴ ይተርፋል የሚል ነው። ማራ ውስጥ ካሉት ካምፖች አብዛኞቹ ልብስ ያጥባሉ፤ ጠዋት የሰጡትን ማታ ተተኩሶ ያገኙታል። የውስጥ ልብስ ግን ባህላቸው ስለማይፈቅድ አይቀበሉም፤ ለእሱ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የዱቄት ሳሙና ያስቀምጡልዎታል። እኔ በሁለት ሱሪ፣ በሦስት እጀ ረጅም ሸሚዝና በአንድ ሹራብ ጨርሼ ተመልሻለሁ። ቀለምን በተመለከተ አፈር መሳይ፣ ግራጫና ቡናማ የሚመረጠው ለፎቶ ውበት ብቻ አይደለም። ነጭ ልብስ በአንድ ጠዋት ይበላሻል፤ ሰማያዊና ጥቁር ደግሞ እኛ አገር ገንዲ የተባለውን የከብት በሽታ የምታስተላልፈውን የቆላ ዝንብ ይጠራል። ዝንቧን ለማጥፋት የሚተከሉት ወጥመዶች ከሰማያዊና ከጥቁር ጨርቅ የሚሠሩትም ለዚሁ ነው። እኛን ማራ ውስጥ እምብዛም አልገጠመችንም፤ ወደ ሴሬንጌቲ የሚሻገር ሰው ግን ጂንስ ሱሪውን ቤቱ ትቶት ቢሄድ ይሻለዋል።

ከያዝነው ሁሉ ከፍተኛውን ነጥብ የምሰጠው ለጋቢው ነው፤ በድርጅቱ ዝርዝር ውስጥ ስሙ የለም። ማራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሜዳ ነው፤ መኪናው ደግሞ ጎኑ ክፍት፣ ጣሪያው የሚነሳ ስለሆነ፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሲነዳ የሚገባው ነፋስ የእንጦጦን ጠዋት ያስታውሳል። ሹራብ ደረትን ይጠብቅ እንጂ ጉልበትን አያድንም። ጋቢው አንድ ጊዜ ታጥፎ ከወገብ እስከ እግር ሲያርፍ ሙቀቱ ሌላ ነው፤ ሁለተኛውን ቀን ከፊት ወንበር የተቀመጠው መሪያችን ሳይቀር ጫፉን ለጉልበቱ ለምኖ ወስዷል። አራት ሰዓት ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ተጠቅልሎ መቀመጫ ይሆናል። ጉድለትም አለው፤ አቧራ ይጠጣል፤ ለሽንት ስንወርድ ጨጎጎቱን ሁሉ ሰብስቦ ይመጣል፤ ጥለቱን አንድ የግራር እሾህ ይዞት እህቴ ግማሽ ሰዓት ያህል ክር በክር ስትፈታ ነበር። ቡሉኮ ግን አይሞከር፤ ክብደቱ ብቻውን የአሥራ አምስት ኪሎውን ድርሻ ይበላል።

ወደ ጤናው ልለፍ፤ በዚህ ረገድ ድርጅቱ ግማሽ ነጥብ ያገኛል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ እንደሚያስፈልግ በትክክል ጽፏል። ኢትዮጵያ ለበሽታው ከሚያሰጉ አገሮች መካከል ስለምትቆጠር ናይሮቢ ላይ ካርዱን ይጠይቃሉ። ያልጻፈው ክትባቱ ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን በፊት መወሰድ እንዳለበት ነው፤ በመነሻው ዋዜማ የተወጋ ሰው ካርዱን ቢይዝም አይጸናለትም። ይባስ ብሎ የድርጅቱ ሠራተኛ የእኔን የቆየ ካርድ አይታ «አሥር ዓመት ስላለፈው ያሳድሱት» ብላኝ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ካርዱ ዕድሜ ልክ እንዲያገለግል ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ደንቡን ስለቀየረ፣ ቀደም ብለው የተሰጡትም በዚሁ ይሠራሉ፤ በአሮጌው ካርዴ ያለ ምንም ጥያቄ አለፍኩ።

ስለ ወባ በስልክ ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ «እኛ ኢትዮጵያውያን ስለለመድነው ኪኒን አያስፈልገንም» የሚል ነበር። ይህን የመሰለ አደገኛ ምክር አልሰማሁም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው ወባን የሚቋቋምበት ምንም ልማድ የለውም፤ ቆላ ተወልዶ ያደገውም ቢሆን ከአካባቢው ርቆ ሲቆይ የነበረው መከላከያ ይዳከማል። ሐኪም ዘንድ ሄደን ለእህቴ ዶክሲሳይክሊን፣ ለእኔ ደግሞ አቶቫኮንና ፕሮጓኒል የተቀላቀለበት ኪኒን ታዘዘልን። ሁለቱም ከመግባት አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድመው ይጀመራሉ፤ የእኔ ከወጣሁ በኋላ ሰባት ቀን፣ የእሷ ግን አራት ሳምንት ይቀጥላል። የእሷ በዋጋ ይረክሳል፤ ነገር ግን ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል፤ በሁለተኛው ቀን እጅጌዋን ጠቅልላ የዋለችበት ክንዷ በርበሬ መስሎ አመሸ። የትኛው ለማን እንደሚስማማ የሚወስነው ሐኪም ስለሆነ የእኛን እንደ ማዘዣ እንዳትወስዱት። ክሬሙን በተመለከተ ግን ካምፑ ውስጥ የተማርነውን ልጨምር፦ መጀመሪያ የፀሐይ መከላከያው ይቀባል፤ ሲደርቅ የቢምቢ መከላከያው ከላዩ ይደረባል።

ለዱር እንስሳት የሚሄድ ሰው ከልብሱ ቀጥሎ የሚያስብበት ዕቃ ባይናኩላር፣ ማለትም ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር፣ ነው፤ የድርጅቱ ዝርዝር «ካለ ይያዝ» ብሎ አልፎታል። እኔ አስቀድሜ ከመርካቶ አንድ ተጣጣፊ ገዝቼ ነበር፤ ሳጥኑ ላይ 30 በ60 ይላል። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊቱን መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር የሚያመለክት ነው፤ የእኔው ግን የፊት መስታወቱ በማስመሪያ ሲለካ 60 ቀርቶ ግማሹንም አይሞላም። ሠላሳ እጥፍ አቀረበ ቢባል እንኳ የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ሠላሳ እጥፍ ስለሚያጎላው፣ ከሰገነታችን ሆኜ የጎረቤትን ዲሽ ስመለከት ዲሹ ሲደንስ ዋለ። ለእህቴ ልጅ መጫወቻ ሆኖ ቤት ቀረ። በዚያ ላይ ባይናኩላር ይዞ ቦሌን መውጣትና መመለስ የጉምሩክ ጥያቄ ሊያስነሳ ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ እኔ ከመጉላላት ብዬ ናይሮቢ ላይ 8 በ42 የሆነ ተከራየሁ። ስምንት እጥፍ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ምስሉ አይንቀጠቀጥም። 42 ለ8 ሲካፈል አምስት ሚሊ ሜትር ያህል የብርሃን ቀዳዳ ለዓይን ስለሚሰጥም ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ፣ አዳኝ እንስሳት በሚንቀሳቀሱበት ሰዓት ማለት ነው፣ አጥርቶ ያሳያል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እህቴ በስልኳ አቅርባ ያየችው ነገር አቦሸማኔ ነው ብላ መኪናውን አስቆመች። ሩቅ ኩይሳ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ቀላ ያለ እንስሳ ነው። መሪያችን፣ ከአገሪቱ የጉብኝት መሪዎች ማኅበር ከወርቅ ቀጥሎ ያለው የብር ደረጃ የተሰጠው ሰው፣ ፈገግ ብሎ ምንም ሳይናገር ወደ ባይናኩላሩ ጠቆመን። ስመለከት ረጅም ፊት፣ ወደ ኋላ የታጠፈ ቀንድ፣ ጭኑ ላይ የቀለም ጠርሙስ የተደፋበት የሚመስል ጥቁር ምልክት ያለው፣ ቶፒ የተባለ ቆርኬ መሰል እንስሳ ነው፤ ኩይሳ ላይ እየወጣ ጠላት መጠበቅ ልማዱ ነው። አንድ ባይናኩላር ለሁለት መያዛችን ግን ስህተት ነበር፤ አንዱ ሲያይ ሌላው «ምን ሆነ?» እያለ ይጠብቃል፤ ደስ የሚለው ቅጽበት በዚያ መሐል ያልፋል።

ካሜራ ለያዘ ሰው አንድ ርካሽ ነገር እመክራለሁ። ሰፈራችን ያለ ልብስ ሰፊ ከአሮጌ ጂንስ እግር ቆርጦ፣ አንድ ጎኑን ዘግቶ በሌላው ዚፕ የሠራልኝ ባዶ ከረጢት ነው። ባዶውን ስለሆነ የተጓዘው ክብደት አልነበረውም፤ ካምፑ ደርሰን ማብሰያ ቤቱን ሁለት ኪሎ ቦሎቄ ለምነን ሞላነው። የመኪናው ጣሪያ ጠርዝ ላይ ሲቀመጥ ረጅም ሌንስ የተኛበት ትራስ ይሆናል፤ ሞተሩ ከጠፋ እጅ ቢንቀጠቀጥም ምስሉ አይንቀጠቀጥም። ሌንስ መኪና ውስጥ መቀየር ግን አይገባም፤ የማራ አፈር በደረቅ ወቅት እንደ ዱቄት ይቦናል፤ ከዘነበ ደግሞ ያው የእኛው መረሬ ነው፣ ጎማ ይውጣል። በመጨረሻው ቀን ቦሎቄውን ስንመልስ ምግብ አብሳዩ በእጁ እየመዘነ «ይህ ቦሎቄ ከእኔ በላይ አንበሳ አይቷል» አለን።

የምግቡ ነገር በጣም ያሳቀንና ትንሽም ያስራበን ነው። ጉዞው ፍልሰታ ላይ ስለዋለ በድርጅቱ ቅጽ ላይ ልዩ የምግብ ፍላጎት በሚለው ስፍራ «ጾም» ብለን ጽፈን ነበር። ድርጅቱ ምን ማለት እንደሆነ ሳያብራራ ቃሉን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ለካምፑ ላከው፤ ካምፑም እንደ ረመዳን ጾመኛ ቀኑን ሙሉ የማንበላ መስሎት የመጀመሪያውን ጠዋት ለሌሎቹ እንግዶች ሁሉ የቁርስ ቅርጫት ጭኖ ለእኛ ሳይጭን ሰደደን። መንገደኞች በመሆናችን ሰዓቱን አልጠበቅንም እንጂ ከፍስክ ምግብ ርቀን ነበር፤ ያዳነን እህቴ በቋጠሮዋ ውስጥ ያልረሳችው በሶ ነው። ጉማሬዎች ከሚያዛጉበት ወንዝ ዳር በብረት ጠርሙስ በሶ በጥብጦ መጠጣት፣ ማር ጠብ ተደርጎበት፣ በየትኛውም የካምፕ ማስታወቂያ ላይ የማይገኝ ቁርስ ነው። ነገሩን ለምግብ አብሳዩ ስናስረዳው፣ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም ስንለው፣ «ታዲያ ይህማ ቀላል ነው!» ብሎ ከዚያ ወዲያ እኛ ማሾ የምንለውን፣ እነሱ ንደንጉ የሚሉትን ወጥ፣ ሱኩማ ዊኪ የተባለውን ጎመንና ኡጋሊ የተባለውን የበቆሎ ገንፎ ሳያጓድል አቀረበልን። ሻዩ ብቻ ከወተት ጋር ስለሚፈላ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ስለዚህ ቅጽ የሚሞላ ጾመኛ የማይበላውን በስም በስሙ ቢጽፍ ይበጀዋል። ዳቦ ቆሎ ይዞ የሚሄድም ድንኳን ውስጥ አያስቀምጥ፤ የእኔን አንዲት ጦጣ ዚፑን በጣቷ ከፍታ ከነከረጢቱ ይዛው ግራር ላይ ወጣች።

የማታውን በአጭሩ ልጨርስ። ኬንያ የሚሠራው ሦስት ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ያሉት ሶኬት ስለሆነ የእኛ ክብ ጥርስ መሰኪያ ያለ መለወጫ አይገባም፤ ካምፑም በፀሐይ ኃይል ስለሚሠራ ፓወር ባንክ ቀን ላይ መሙላት ይገባል። በራስ ላይ የሚታሰር ባትሪ ከእጅ ባትሪ ይሻላል። ከመሸ በኋላ ያለ አጃቢ ከድንኳን መውጣት አይፈቀድም፤ የካምፑ ሰዎች «ማታ አስካሪ ይመጣላችኋል» ሲሉን እህቴ «በፍልሰታ?» ብላ ደነገጠች፤ በስዋሂሊ አስካሪ ማለት ዘበኛ ነው። በዚያው ሌሊት አልጋዬ ውስጥ እግሬ አንድ የሚሞቅና ለስላሳ ነገር ነክቶ ድንኳኑን በጩኸት አናወጥኩት፤ በብርድ ልብስ ሥር የሚያስገቡት በጨርቅ የተሸፈነ የሙቅ ውኃ ላስቲክ ኖሯል። የድርጅቱ ዝርዝር ስለዚህ አንድ መስመር ቢኖረው ጎረቤት ድንኳን ያሉት እንግዶች ተኝተው ያድሩ ነበር።

ሰዓትን በተመለከተም ድርጅቱ የላከው መርሐ ግብር በአማርኛው ገጽ 12፡00፣ በእንግሊዝኛው ገጽ 6፡00 እያለ የትኛው በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አይገልጽም። ያስታረቀን መሪያችን ነው፤ «ነገ ሳ ኩሚ ና ምቢሊ» ሲለን በጣቱ አሥራ ሁለት ቆጠረ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው የሚቆጥሩ መሆናቸውን ያን ጊዜ አወቅን፤ ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛውን ገጽ አጥፈን አስቀመጥነው።

ነጥብ ልስጥ። ለካምፑና ለመሪው ከአሥር ዘጠኝ፤ አንዱን የቀነስኩት ለቁርሱ ቅርጫት ሳይሆን፣ እሱ የእነሱ ጥፋት አይደለም፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ነብር ዙሪያ ከአሥራ አምስት በላይ መኪና ሲከማች የእኛም አብሮ በመቆሙ ነው። ለተከራየሁት ባይናኩላር ስምንት። ለአዲስ አበባው ድርጅት ከአሥር ሦስት፤ ሦስቱም ለቢጫ ወባው ካርድ፣ በሰዓቱ ለተገኘው ትኬትና ስልክ ሲደወል ለማንሳታቸው ነው። እንደተመለስን እህቴና እኔ የተሳሳተውን አርመን፣ የጎደለውን ጨምረን አንድ ገጽ ጽፈን ላክንላቸው፤ በማግስቱ በትሕትና አመሰገኑን፣ «ለቀጣይ ደንበኞቻችን እንጠቀምበታለን» አሉን። በመስከረም አጋማሽ አንድ ጎረቤታችን ይህንኑ ጉዞ ገዝቶ የደረሰውን ዝርዝር በስልኩ አሳየኝ። ዓርማው ተቀይሯል። 23 ኪሎውም ፌስታሉም እንዳሉ ናቸው።